የመኪና ኤሲ ሲሸት፦ ጋዝ ከማስሞላታችሁ በፊት

ክረምት ላይ አገር ቤት መጥታችሁ የቤተሰብ መኪና የምትነዱ ከሆነ ይህ ይጠቅማችኋል። ወንድሜ ያዋሰኝ ኮሮላ ሞተሩም ጎማውም ደህና ነው፤ ኤሲው ሲከፈት ግን ዝናብ መትቶት የሻገተ ጆንያ ይሸታል። ቤተሰቡ ለምዶታል። እኔ ልለምደው አልፈለግሁም፤ እናቴ አስም አለባት፣ ሻጋታ ደግሞ አስም ላለበት ሰው አይሆንም። ቤተ ክርስቲያን አድርሻት ስንመለስ ደረቷን ይዛ ስትስል አንጀቴን ትበላው ነበር። መሀል ከተማ መፍትሔ ስፈልግ ያገኘሁትን አገልግሎት እንዳየሁት እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ለገሃር አካባቢ ላቫጆ አስገባሁት። እጥበታቸው እጅግ ጥሩ ነው፤ ልጆቹ ታታሪዎች ናቸው፣ ወንበሩን ስበው ከሥሩ ያለውን ሳይቀር ጠረጉት። ለሽታው ያደረጉት ግን ሽቶ መንፋት ብቻ ነው፤ በማግስቱ ሻጋታውና ሽቶው አብረው መጡ። ሽታው እነሱ ባጠቡት ቦታ ስላልነበረ አልወቅሳቸውም። እንዲያውም አንደኛው ልጅ ትልቅ ነገር ነግሮኛል፦ «እህቴ፣ በጋቢናው ተሳፋሪ በኩል ምንጣፉ ከሥር እርጥብ ነው፤ አሳዪው።» ይህን ቃሉን ያዙልኝ።

ቀጥሎ የሄድኩበት የመኪና ኤሌክትሪክ ቤት ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ጋዝ አልቋል፣ ይሞላ» አለኝ። ኤሲው እኮ በደንብ ያቀዘቅዛል! ጋዙ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ነው፤ ሲያንስ ማቀዝቀዝ ያቅተዋል እንጂ ሻጋታ አይሸትም። አመስግኜ ወጣሁ። ከውጭ የመጣ ሰው ችኩል ነው፣ ገንዘብም አይገድደውም ተብሎ ስለሚታሰብ ይህ «ጋዝ ይሞላ» የሚባል መልስ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። የሚያቀዘቅዝ ኤሲ ላይ ጋዝ አታስሞሉ።

ልቤን ያሳረፈው ከሜክሲኮ ወደ ልደታ ሲኬድ ውስጥ ለውስጥ ያለ ትንሽ ጋራዥ ነው። መካኒኩ ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት ጠየቀኝ፦ ሽታው የሚመጣው ኤሲው እንደተከፈተ ነው ወይስ ቆይቶ? መኪናው የት ነው የሚያድረው? «እንደተከፈተ ነው፤ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ነው የሚያድረው» አልኩት። የእርጥቡን ምንጣፍ ነገር ስጨምርለት ወዲያው ገባው።

በተሳፋሪው በኩል ያለውን የዳሽቦርድ መሳቢያ ጎንና ጎኑን ጨምቆ አወረደውና ከኋላው ያለውን የአየር ፊልትሮ ሳበው። ነጭ የነበረው ወረቀት ጠቁሯል፤ በእጥፋቶቹ መሀል የዛፍ ቅጠል፣ የደረቀ አበባና አፈር ተጋግሯል፤ አንዱ ጥግ እርጥብ ነው። አፍንጫዬ ሳይጠጋው ሸተተኝ። ከዚያ መኪናውን አንሥቶ ከሥር የሚወጣውን ቀጭን የውሃ ጎማ በኮምፕረሰር አየር ሲነፋው ጭቃ የመሰለ ውሃ ሲሚንቶው ላይ ዘረገፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዳሽቦርዱ ኋላ ኢቫፖሬተር የሚባል ቀዝቃዛ ክፍል አለ፤ አየሩ በእሱ ሲያልፍ እርጥበቱ ወደ ውሃነት ይቀየርና በዚያች ጎማ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ጎማዋ ስትደፈን ውሃው እዚያው ይተኛል፣ ሲበዛም ወደ ምንጣፉ ይወርዳል። ጨለማ፣ ውሃና አቧራ ከተገናኙ ሻጋታ ይበቅላል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ኤሲ ብዙ ጊዜ አይከፈትም። በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ስንወርድ መስኮት ዘግተን እንከፍተዋለን፣ ተመልሰን ግቢ ስንደርስ እናጠፋዋለን፣ ከዚያ መኪናው ቀናት ይቆማል። እርጥበቱ የሚደርቅበት ዕድል የለውም።

ኢቫፖሬተሩን ለማጠብ የተሠራውን አረፋ በቱቦ አስገብቶ እስኪሠራ ጠበቀና ፋኑን በሙሉ ኃይል ለቆ መስኮቶቹን ከፍቶ አናፈሰው። በረኪና ለምን አይሆንም ብዬ ጠይቄው ነበር፤ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፣ ትነቱም ሳንባ ይጎዳል አለኝ። ለእናቴ ስል ይህን ጥንቃቄውን ወደድኩት።

ፊልትሮውን እንድገዛ ሶማሌ ተራ ላከኝ። «አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ፣ በሞዴል ስም ብቻ አትግዢ» ማለቱ ልክ ነበር፤ አንድ ኮሮላ ከሌላው ኮሮላ ይለያል። ሶማሌ ተራ መኪና ማቆሚያ ማግኘት ጭንቅ ነው፣ በታክሲ ሂዱ። ሻጮቹ ያሳያሉ፣ ያስመርጣሉ፤ ከሰል ያለበት ጠቆር ያለ ፊልትሮ ከተራው ነጭ ይወደዳል፣ ሽታ በመያዝ ግን ይሻላል። እኔ እሱን ገዛሁ። ሲገጠም በጎኑ ያለው ቀስት አየሩ የሚሄድበትን አቅጣጫ መከተሉን እዩ። አንዳንድ መኪና ቦታው እያለ ፊልትሮ ጭራሽ አይኖረውም፤ አስከፍቶ ማየት ነው።

ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ቁጥር አልጽፍም። የእጅ ዋጋውን ግን ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩ፤ እኔ የተነገረኝንና የከፈልኩትን አንድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ሳልጠይቀው ማሳየቱም ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

እናቴ አሁን መስኮት ሳታስከፍት ትሄዳለች። ወንድሜ ደግሞ ቤት ሊደርስ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ኤሲውን አጥፍቶ ፋኑን ብቻ እንዲተው፣ የውስጡን አየር ብቻ የሚያዞረውንም ቁልፍ ዘወትር እንዳይጫን ነግሬዋለሁ፤ ኢቫፖሬተሩ የሚደርቀው እንዲያ ነው። የእናንተ መኪና የሚሸተው ሻጋታ ሳይሆን ጣፋጭ ነገር ከሆነ፣ መስታወቱም ከውስጥ ቅባት ያለው ጉም ከያዘ፣ ያ የራዲያተር ኩላንት መፍሰስ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ምርመራ ይፈልጋል።

ጋራዡ ጠባብ ስለሆነ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ድረሱ። አሮጌው ፊልትሮ እንደወጣ ይዛችሁ ሶማሌ ተራ ሂዱ፤ እስክትመለሱ አረፋው ሥራውን ይጨርሳል።