ፋክተሪ ቦይ፦ በጃንጎ ቴስት ዳታ ላይ ምን ያቃልላል፣ የት ያስቸግራል

የብድርና ቁጠባ ማኅበር ሶፍትዌር እንውሰድ። ብድር ለመመዝገብ አባል ያስፈልጋል፤ አባሉ የሚገኝበት ቅርንጫፍ አለ፤ ገንዘቡ የሚገባበት ሒሳብ አለ፤ ብድሩም ያለ ዋስ አይጸድቅም። «ቀኑ ያለፈ ብድር ቅጣት ይታሰብበታል» የሚለውን አንድ ደንብ ለመፈተሽ ብቻ አምስት ሠንጠረዥ ላይ ረድፍ ማስገባት ግድ ይላል። ይህ ዝግጅት በየቴስቱ እየተገለበጠ ሲጻፍ ደንቡን የሚፈትሹት ሦስት መስመሮች በሠላሳ መስመር ዝግጅት ይዋጣሉ፤ ኮዱን በኋላ የሚያነብ ሰው ምን እየተፈተሸ እንደሆነ ፈልጎ ማግኘት አለበት።

ፋክተሪ ቦይ ይህን ሸክም ለማቅለል የተሠራ ነፃ የፓይተን ላይብረሪ ነው። ሐሳቡ የመጣው በሩቢ ዓለም ዛሬ ፋክተሪ ቦት ከሚባለው መሣሪያ ነው። ኤስኪውኤልአልኬሚና ሞንጎኢንጂን ከሚባሉት የዳታቤዝ ላይብረሪዎች ጋርም ይሠራል፤ ይህ ግምገማ የሚያየው ግን ከጃንጎ (የፓይተን ዌብ ማዕቀፍ) እና ከፖስትግሬስ ዳታቤዝ ጋር ያለውን አጠቃቀም ነው።

ከእሱ በፊት ብዙ ፕሮጀክት የሚጀምረው ጃንጎ ራሱ በሚሰጠው ፊክስቸር፣ ማለትም በጄሰን ፋይል ነው። ፋይሉ ለቋሚ ዳታ፣ ለክልሎች ዝርዝር ወይም ለባንክ ኮዶች፣ ጥሩ ነው። ለቴስት ግን ቶሎ ይከብዳል። አባል ላይ ባዶ መሆን የማይችል አዲስ ፊልድ ሲጨመር በየፋይሉ ያለው እያንዳንዱ ረድፍ መስተካከል አለበት። ከዚህ የባሰው ፋይሉን ብዙ ቴስቶች መጋራታቸው ነው፦ ለአንዱ ቴስት ተብሎ የተጨመረ አንድ ብድር «የብድሮች ብዛት 4 ነው» የሚለውን ሌላ ቴስት ይጥላል፤ የጣለው ለውጥ ደግሞ ከወደቀው ቴስት አጠገብ አይታይም።

ፋክተሪ ቦይ ላይ ለእያንዳንዱ ሞዴል (በጃንጎ አንድ ሠንጠረዥን የሚወክል ክላስ) ፋክተሪ የሚባል አንድ ክላስ ይጻፋል። ክላሱ ለሁሉም ግዴታ ፊልዶች ምክንያታዊ ዋጋ ይዟል፤ ቴስቱ የሚጠቅሰው የሚያገባውን ብቻ ነው። የቅጣቱ ቴስት «የመክፈያ ቀኑ ከዛሬ 10 ቀን በፊት የሆነ ብድር ፍጠር» ይላል፤ አባሉን፣ ሒሳቡንና ቅርንጫፉን ሰብፋክተሪ የሚባለው ማያያዣ ራሱ ይፈጥራል። አዲስ ግዴታ ፊልድ ሲመጣ የሚስተካከለው አንድ ቦታ ነው። ትሬይት ደግሞ ተደጋጋሚ ሁኔታን ስም ይሰጠዋል፦ «የተዘጋ»፣ «ዋስ ያለው»፣ «ቀኑ ያለፈ»። መሣሪያው ከሚሰጠው ሁሉ ትልቁ ጥቅም ይኸው ይመስለናል፤ ቴስቱ በሥራው ቋንቋ መነበብ ይጀምራል።

አሁን ወደሚያስቸግረው እንምጣ። ዋናው ወጥመድ ግንኙነቶች ሲነካኩ ነው። ብድር አባል አለው፤ ሒሳብም አባል አለው። በሁለቱም ላይ ሰብፋክተሪ ከተደረገ ብድሩ የአንድ ሰው፣ ሒሳቡ የሌላ ሰው ሆኖ ይፈጠራል። ዳታቤዙ አይቃወምም፤ ፎሪን ኪዎቹ (ረድፎቹን የሚያያይዙት መለያዎች) ትክክል ናቸውና። ቴስቱ አንዳንዴ ያልፋል፣ አንዳንዴ «ሒሳቡ የተበዳሪው አይደለም» በሚል ስህተት ይወድቃል። መፍትሔው የብድር ፋክተሪ ውስጥ የሒሳቡን ሰብፋክተሪ ሲጽፉ አባሉን በሰልፍአትሪቢዩት መስጠት ነው፤ ከፊልዱ ስም በፊት የሚገቡት ሁለት ነጥቦች «አንድ ደረጃ ወደ ላይ ውጣና ብድሩ ላይ ያለውን አባል ውሰድ» ማለት ናቸው። ይህን በመጀመሪያው ቀን ካላስተካከሉት ሃምሳ ቴስት ከተጻፈ በኋላ ማረም በጣም ያደክማል።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። ክሪኤት ባች በሚባለው ትእዛዝ 200 ብድር ሲፈጠር 200 ኢንሰርት (ረድፍ የሚያስገባ ትእዛዝ) ብቻ አይሄድም። እያንዳንዱ ብድር የራሱን አባል፣ ቅርንጫፍና ሒሳብ ስለሚያመጣ 800 ይሆናል፤ አንድ በአንድ ነው የሚላኩት። ቅርንጫፉን አስቀድሞ አንድ ጊዜ ፈጥሮ በድርብ ስርዝ (__) ወደ አባሉ ማሳለፍ ብቻ ቁጥሩን ወደ 601 ያወርደዋል። ዳታቤዝ የማያስፈልገው ስሌት ከሆነ ክሪኤትን ትቶ ቢልድን መጠቀም ይሻላል፤ ኦብጀክቱ ሜሞሪ ላይ ብቻ ይቀራል። ብዙ ቴስቶች የሚያነቡት እንጂ የማይለውጡት ዳታ ደግሞ ሰትአፕ ቴስት ዳታ በሚባለው የጃንጎ ክፍል ውስጥ ለቴስት ክላሱ አንድ ጊዜ ይፈጠር።

ቅርንጫፍ እንዳይደጋገም ጃንጎ ጌት ኦር ክሪኤት (ካለ ውሰድ፣ ከሌለ ፍጠር) የሚለውን ምርጫ የሚያበሩ አሉ። ይሠራል፤ ነገር ግን በተመረጠው ፊልድ (ለምሳሌ በቅርንጫፍ ኮድ) ረድፉ ካለ፣ አብረው የሰጧቸው ሌሎች ዋጋዎች ያለ ማስጠንቀቂያ ይተዋሉ። «ባሕር ዳር» ብለው የጠየቁት ቅርንጫፍ ቀደም ሲል በተቀመጠው ስም ይመለሳል።

የይለፍ ቃል ላይም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፋክተሪው ተጠቃሚን በተራው መንገድ ስለሚፈጥር የይለፍ ቃሉ ሳይመሰጠር ይገባል፤ ሎግኢን ቴስቱ ይወድቃል። ከፋክተሪ ቦይ ሥሪት 3.3 ጀምሮ ለዚህ ፓስወርድ የሚባል የራሱ ማያያዣ አለ። የጃንጎ ነባሪ ማመስጠሪያ ሆን ተብሎ ቀርፋፋ ስለሆነ በቴስት ሴቲንግ ውስጥ ኤምዲ5 በሚባለው ፈጣን ማመስጠሪያ መተካት ብዙ ተጠቃሚ የሚፈጥሩ ቴስቶችን በግልጽ ያፈጥናል፤ ለቴስት ሴቲንግ ብቻ፣ ሌላ ቦታ ፈጽሞ።

የአሁኑን ሰዓት ክላሱ ላይ በቀጥታ መጻፍም የተለመደ ስህተት ነው። ዋጋው የሚሰላው ፋይሉ ሲጫን አንድ ጊዜ ስለሆነ ሁሉም ረድፎች አንድ ሰዓት ይይዛሉ፤ ዋጋውን በየረድፉ በሚያሰላው ሌዚፈንክሽን መጠቅለል አለበት። ልዩ መሆን ያለበት ነገር፣ እንደ ስልክ ቁጥርና የአባል ቁጥር፣ ከሲኩዌንስ (ተራ ቁጥር እየጨመረ ከሚሰጠው) ይምጣ እንጂ ከፌከር (የዘፈቀደ ዳታ ከሚያመነጨው) አይምጣ፤ በዘፈቀደ የሚመጣ ዋጋ አንድ ቀን ይደገምና ማንም ኮድ ሳይነካ ቴስቱ ይወድቃል። ለዘፈቀደው ዳታ ሪሲድ ራንደምን በቋሚ ቁጥር መጥራት የወደቀውን ቴስት ደግሞ ለማየት ያስችላል።

አንድ ነገር የመሣሪያው ጥፋት አይደለም፤ ሆኖም ተጠቃሚዎቹን ሁሌ ያጋጥማል። የጃንጎ ቴስትኬዝ እያንዳንዱን ቴስት በትራንዛክሽን ከፍቶ ሲያልቅ ሮልባክ ያደርጋል (ለውጡን ይሰርዛል)፤ የፖስትግሬስ መለያ ቁጥር ቆጣሪ ግን በሮልባክ ወደ ኋላ አይመለስም። ስለዚህ «የመጀመሪያው አባል መለያው 1 ነው» ብሎ የጻፈ ቴስት ብቻውን ያልፋል፣ ከሌሎች ጋር ሲሮጥ ይወድቃል። መለያውን ከተፈጠረው ኦብጀክት ማንበብ ነው። እንዲሁም ለፍጥነት ተብሎ ቴስቱ ብቻ ኤስኪውላይት በሚባለው ቀላል ዳታቤዝ ሲሮጥ ስህተት ይደበቃል፦ ኤስኪውላይት የቫርቻር (የጽሑፍ ፊልድ) የርዝመት ገደብን አያስከብርም፣ ፖስትግሬስ ያስከብራል።

ለአማርኛ ሲስተም የሚሠራ ሰው የስም ዝርዝሩን በራሱ ጽፎ ዋጋዎችን በየተራ በሚሰጠው ኢተሬተር ቢያስገባው ይጠቀማል። የስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ፊልዶች በእንግሊዝኛ ስሞች ብቻ ሲፈተሹ የሚያመልጡ ችግሮች አሉ። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ ርዝመትን በባይት የሚቆጥር የሌላ ሲስተም ፋይል ጋር ሲገናኝ ስሙ ይቆረጣል። ዝርዝሩ ውስጥ ፀሐይና ጸሃይ፣ ኃይሉና ሃይሉ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ፍለጋው ሁለቱን እንደ አንድ ያያቸው እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

የፋክተሪ ቦይ አማራጩ በጣም ብዙ፣ ሰነዱም ሁሉንም እኩል የሚያቀርብ ነው፤ ጀማሪ ሰብፋክተሪን፣ ሲኩዌንስንና ትሬይትን አውቆ ቢጀምር ይበቃዋል። ፖስት ጀነሬሽን የሚባለውን፣ ከፍጥረት በኋላ የሚሮጠውን ክፍል፣ በቁጥብነት መጠቀም ይገባል፤ 3.3 ላይ ከእሱ በኋላ የሚደረገው ተጨማሪ ሴቭ እንደሚቀር ማስጠንቀቂያ ስለተጨመረ፣ በእሱ ላይ ተማምኖ የተጻፈ ኮድ አሁኑኑ ሴቭን በግልጽ ይጥራ።

ሞዴሎቹ ስድስት ሰባት ብቻ ከሆኑ ሞዴል ቤከሪ የሚባለው ሌላ ላይብረሪ ይበልጥ ይመቻል። ክላስ ሳይጻፍ ግዴታ ፊልዶችን ራሱ ይሞላል። የሚሞላው ግን ትርጉም የሌለው ዋጋ ነው፤ የብድሩ መክፈያ ቀን ከተሰጠበት ቀን በኋላ መሆን እንዳለበት አያውቅም። እንዲህ ያለ ደንብ የበዛበት ሲስተም፣ ብድርም ሆነ ክሊኒክ ወይም የግምጃ ቤት ሥራ፣ ፋክተሪ ቦይን ይምረጥ፤ የመጀመሪያውን ፋክተሪም ብዙ ሌሎች ከሚንጠለጠሉበት ሞዴል፣ እዚህ ከአባሉ፣ ይጀምር።