አሥር ቀን አይበቃም፦ ስምንት ወር ከዊንዶውስ 11 24ኤች2 ጋር

24ኤች2 የሚባለውን ትልቅ የዊንዶውስ 11 አፕዴት ላፕቶፔ ላይ ከጫንኩ ስምንት ወር አለፈኝ። በሁለተኛው ሳምንት ጽፌ ቢሆን ኖሮ ግማሹን በተሳሳትኩ ነበር። ያልወደደው ሰው ከሴቲንግ ገብቶ ወደ ቀድሞው የሚመለስበት ጊዜ 10 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ የድሮው ሲስተም የተቀመጠበት ፎልደር ይጠፋል። እኔ በ10 ቀን ውስጥ ያወቅሁት ነገር ቢኖር ዴስክቶፔ ላይ ያለው ፎቶ አለመቀየሩን ነው።

መጀመሪያ ደስ ያሰኘችኝ ትንሽ ነገር ናት። ዊንዶውስ 11 በ2021 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ ፋይል ላይ ቀኝ ክሊክ ስናደርግ ከት፣ ኮፒና ሪኔም ስማቸው ጠፍቶ ምስል ብቻ ሆነው ነበር። ሪኔም የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ማውሱን አቁሜ ስሙ ብቅ እስኪል ስንቴ እንደጠበቅሁ እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን በየምስሉ ሥር ስሙ ተጽፏል። በቃ፣ ይኸው ነው። ግን ቀኑን ሙሉ የምነካው ቦታ ስለሆነ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የማመሰግነው ይህን ነው።

እዚያው ሜኑ ላይ ፋይል መጭመቂያው ከዚፕ ሌላ ሰቨን-ዚና ታር የሚባሉትን የተጨመቁ ፋይል ዓይነቶችም መሥራት ጀምሯል። ደስ ብሎኝ ለዚሁ የጫንኩትን ፕሮግራም አጠፋሁት፤ በሦስተኛው ወር መልሼ ጫንኩት። ፓስወርድ ያለው ፋይል መሥራት አይችልማ! የዋይፋዩን ፓስወርድ በኪውአር ኮድ ማሳየቱ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳርፈኛል።

ኢነርጂ ሴቨር የሚባለው ኃይል ቆጣቢ በድሮው ባትሪ ሴቨር ቦታ የገባ ነው። ልዩነቱ ቻርጀር ላይ ተሰክቶም መሥራቱ ነው። ሁልጊዜ ክፍት እንዲሆን አድርጌ ተውኩት። ባትሪ ላይ ስሆን ስክሪኑ ትንሽ ይደበዝዛል፤ በምትኩ የፋኑ ጩኸት ቀነሰልኝ። አንድ ማታ ሥራዬን ክላውድ ላይ አስቀምጬ ተኛሁ። ጠዋት በሌላ ኮምፒውተር ስከፍተው የትናንት በስቲያው ነው! ኢንተርኔቱን ረገምኩ፣ ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ለካስ ባትሪው ምልክት ላይ አንዲት ትንሽ ቅጠል አለች። እሷ ካለች ኢነርጂ ሴቨር በርቷል ማለት ነው፤ ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ይገታሉ፣ የኔም ፋይል ወረፋ ላይ ነበር። አሁን ላፕቶፑን ከመዝጋቴ በፊት ቅጠሏን አጠፋታለሁ።

በአምስተኛው ወር አንድ የቆየ ደብዳቤ ፈለግሁ። ድሮ በዎርድፓድ የጻፍኩት ነው። ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ አብሮን የኖረው ቀላሉ የጽሑፍ ፕሮግራም ዎርድፓድ በዚህ አፕዴት ተነስቷል። እንደሚነሳ በ2023 እ.ኤ.አ. ተነግሮ ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። በኖትፓድ ብከፍተው የቅንፍና የቁጥር መዓት ወጣ፦ 4656፣ 4619፣ 4637። ለጊዜው ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው «ሰላም» የሚለው ቃል መሆኑ የገባኝ፤ አርቲኤፍ የሚባለው የዎርድፓድ ፋይል ዓይነት የኛን ፊደል የሚያስቀምጠው ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ በሚጠቀሙበት የዩኒኮድ ቁጥር ነውና። ሊብሬኦፊስ የሚባለውን ነጻ የቢሮ ፕሮግራም ጭኜ ከፈትኩት፣ አንድም ፊደል አልጎደለም።

ወደ ቀድሞው ልመለስ ብል ቀኑ አልፏል፤ እውነቱን ለመናገር መመለስም አልፈልግም። ገና ለምትጭኑ ግን፦ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍታችሁ ዲስም በሚባለው ትእዛዝ የመመለሻውን ጊዜ እስከ 60 ቀን ማራዘም ይቻላል። 10ሩ ቀን ሳያልፍ ነው ታዲያ። በዚያም ጊዜ ውስጥ በዓመት አንዴ ብቻ የምትነኳቸውን ፋይሎችና ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ክፈቷቸው፤ በየቀኑ የምትጠቀሙባቸው ችግር ካለባቸው ራሳቸው ይነግሯችኋል።