የሮዛሪዮ ሁለት ክለቦች፦ የባቡር ሠራተኞቹና የተማሪዎቹ

አርጀንቲና፣ ሮዛሪዮ ከተማ ውስጥ ሁለት ባላንጣ የእግር ኳስ ክለቦች አሉ። ሁለቱም የብሪታኒያ ስደተኞች አሻራ አለባቸው፤ አነሳሳቸው ግን ለየቅል ነው።

ሮዛሪዮ ሴንትራል ታላቅየው ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 የፈረንጆች ገና ዋዜማ ላይ የመሠረቱት የብሪታኒያ ባቡር ኩባንያ ሠራተኞች ናቸው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ስኮትላንዳዊው ኮሊን ካልደር ነበር። ባቡር ላይ የማይሠራ ሰው አባል መሆን አይችልም ነበር፤ በሩ ለሌላውም የተከፈተው በ1903 ነው።

በዚያው ዓመት ኒውልስ ኦልድ ቦይስ ተወለደ። ይሄኛው የትምህርት ቤት ልጅ ነው። አይዛክ ኒውል ከእንግሊዝ ኬንት በልጅነቱ መጥቶ፣ በ1884 ሮዛሪዮ ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ። ክለቡን ያቋቋሙት ልጁ ክላውዲዮና የቀድሞ ተማሪዎች ናቸው፤ ስሙንም ለመምህራቸው ክብር ሰጡት። ማሊያውን ልብ ብላችሁ እዩት፦ ቀዩ ከእንግሊዝ ባንዲራ፣ ጥቁሩ ከጀርመን የተወሰደ ነው። የኒውል ሚስት ጀርመናዊት ነበረቻ!

በተጫዋች ማን ይበልጣል ካላችሁ ፍርዱ ከባድ ነው። ሴንትራል ዲ ማሪያን አፍርቷል፣ ኬምፔስም እዚያ ደምቋል። ኒውልስ ደግሞ ሜሲን በታዳጊነቱ አሳድጓል፤ ስታዲየሙም በአሰልጣኙ ማርሴሎ ቢዬልሳ ስም ይጠራል። በታሪክ ግን የእኔ ልብ ወደ ኒውልስ ያደላል። ተማሪዎች አስተማሪያቸውን እንዲህ ሲያከብሩ ደስ ይላል።