ስምንት ወር ከመልቲሜትሬ ጋር፦ «ቀጭ» ብላ ዝም የምትለዋ ስፓይደሬ ችግር ፍለጋ

ይህን መልቲሜትር ከስምንት ወር በፊት ከመርካቶ ገዛሁት። ቢጫ ጎማ የለበሰ፣ መዳፍ የሚሞላ፣ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ተራ የኤሌክትሪክ መለኪያ ነው። ሰው ስለ ዕቃ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ካርቶኑን በከፈተ ማግስት ነው። እኔ ግን እጄ ላይ ትንሽ እስኪያረጅ ጠበቅኩ።

የገዛሁት ለአንዲት መኪና ብዬ ነው። ከአጎቴ የወረስኳት ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር አለችኝ፤ የ1971 እ.ኤ.አ. ሥሪት። ቅርጿ ከጣሊያኑ የመኪና ንድፍ ቤት ከፒኒንፋሪና የወጣ ነው። ሞተሯን የነደፈው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው፤ ወደ ፊያት ከመምጣቱ በፊት ለፌራሪ ሞተር ይነድፍ የነበረ ሰው። 1608 ሲሲ፣ ከላይ ሁለት ካምሻፍት። ስትነሳ ድምጿ ደስ ይላል። ችግሩ መነሳቱ ላይ ነበር።

የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ ከእንጦጦ ማዶ። ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል። መንገዱ ዳር ሯጮች ልምምድ ላይ ናቸው፤ ሁለት ጊዜ ቆመው መኪናዋን ገፍተውልኛል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ቁልፍ ሳዞር ከሥር «ቀጭ» ትላለች፣ ከዚያ ጭጭ። መብራቷ ግን ቦግ ብሎ ይበራል።

መጀመሪያ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ምንም ለውጥ የለም። ከዚያ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፤ «ሞተሪኖው ሞቷል» አሉኝ፤ ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሹ ሞተር ማለት ነው። ተፈታ፣ ታደሰ፣ ተመልሶ ታሰረ። ሁለት ሳምንት በደንብ ሠራች። በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠዋት፣ ቀጭ። ያን ቀን ነው ከእንግዲህ ሳልለካ ዕቃ አልቀይርም ያልኩት።

መልቲሜትሩን እንዳመጣሁ የባትሪውን ቮልት ለካሁ፤ 12.6፣ ሙሉ ነው። 12.2 ቢል ግማሽ ገደማ ነበር። ቀጥዬ መልቲሜትሩን ኤሌክትሪክ ሲያልፍ በሚጮኸው ቦታ ላይ አድርጌ ገመዶቹን አንድ በአንድ ፈተሽኳቸው። ሁሉም ጮኹ። ሁሉም ደህና ናቸው ብዬ ዘጋሁት። ስህተቴ እዚህ ላይ ነበር፣ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው እዚሁ ይመስለኛል። መልቲሜትሩ ለመፈተሽ የሚልከው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ነው። ከወፍራሙ ገመድ አንድ ክር ብቻ ቢቀር እንኳ ይጮኻል። ሞተሪኖ ግን ሲዞር ከመቶ አምፔር በላይ ይስባል። መገናኛው ላይ 0.02 ኦም የምታህል ዝገት ብትኖር፣ በ150 አምፔር ስትባዛ 3 ቮልት ትበላለች። የኔ መልቲሜትር ደግሞ ከ0.1 ኦም በታች አያነብም። ስለዚህ ጩኸቱ የተበጠሰ ገመድ ይነግርሃል እንጂ የደከመ ገመድ አይነግርህም።

እውነቱ የወጣው ሥራ ላይ እያለች ስለካ ነው። ሞተሩ እንዳይነሳብን ለሻማዎቹ እሳት ወደሚሰጠው ኮይል የሚገባውን ቀጭን ገመድ ነቅዬ ጫፉን በፕላስተር ጠቀለልኩት። ማርሹን ነጻ አደረግሁ፣ የእጅ ፍሬን ሳብኩ። ባለቤቴ መሪው ላይ ተቀመጠች።

«በይ አዙሪው» አልኳት።

ቀጭ። የባትሪው ቮልት 11.9 ላይ ቆመ። ሞተሪኖ በትክክል ሲዞር ባትሪው ወደ 10 አካባቢ ይወርዳል፤ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ራሱ ይጠረጠራል። የኔ እስከዚያ አልወረደም። ሞተሪኖው የሚፈልገውን ያህል እየወሰደ አይደለም ማለት ነው። ኤሌክትሪኩን መንገድ ላይ የሚይዘው ነገር አለ።

አንዱን ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ላይ ያዝኩ። ቁልፉ ሲዞር 0.2 ቮልት። ጥሩ ነው፣ እስከ 0.5 ድረስ ችግር የለውም። ቀጥሎ አንዱን ኔጌቲቭ ራሱ ላይ፣ ሌላውን ባዶው የሞተር ብሎክ ብረት ላይ።

«አሁንም አዙሪው።»

7.4።

ደግሜ አስዞርኳት። 7.4። እዚህ ከ0.2 በላይ መሆን አልነበረበትም። ከ11.9 ላይ 7.4ና 0.2 ሲቀነሱ ለሞተሪኖው የሚተርፈው 4.3 ቮልት ብቻ ነው። በ4.3 ቮልት ማን ይዞራል?

መኪናዋን በክሪክ አንስቼ፣ ድጋፍ አስገብቼ፣ ከሥሯ ገባሁ። ጊርቦክሱን ከቦዲው የሚያገናኝ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ጠፍጣፋ የመዳብ ገመድ አለ። ሞተሩ በጎማ ትራስ ላይ ስለሚቀመጥ ወደ ባትሪው የሚመለሰው ኤሌክትሪክ በዚያ ገመድ ነው የሚያልፈው። ጫፉ አረንጓዴ ሆኗል፤ በጣቴ ሳሸው እንደ ዱቄት ረገፈ። ቦዲው ላይ ያለው ብሎን ደግሞ በቀለም ላይ ነበር የታሰረው። አንድ ጊዜ ስትቀባ ማንም አልፋቀውም። ጋራዡ ሞተሪኖውን ሲፈታና ሲያስር ገመዱን ነቅነቅ ስላደረገው ነው ሁለት ሳምንት የሠራችው። በዚህ እርግጠኛ ነኝ።

ይህን ገመድ እንደ ቀላል ነገር አትዩት። እሱ ሲደክም ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ በነዳጅ ፔዳሉ ሽቦ ወይም በቾክ ሽቦ ይመለሳል። እነሱ ደግሞ ለዚያ አልተሠሩም፣ ይግላሉ፣ ይጨሳሉ።

ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩት። አዲስ ገመድ አሰርኩ፣ ከላዩ ግራሶ ቀባሁት። ድጋሚ ስለካ ከ7.4 ወደ 0.1 ወረደ፤ ባትሪው ደግሞ እንደሚገባው 10.4 ላይ ቆመ፣ ሞተሩም ዞረ። የኮይሉን ገመድ መልሼ በሁለተኛው ተነሳች። ባለቤቴ መሪውን ይዛ እልል አለች።

እንግዲህ ስለ መልቲሜትሩ። ለዚህ ሥራ በቂ ነው፣ ከባትሪና ከሞተሪኖ ወጪ ጋር ሲተያይ ዋጋው ምንም ማለት አይደለም። ጉድለቶቹን ግን ልንገራችሁ። ትልቁ ድካሙ ገመዶቹ ናቸው። በብርድ ይደርቃሉ፤ በአምስተኛው ወር ቀዩ ከአንገቱ ተበጠሰ። ለስላሳ የሲሊኮን ገመድ ገዛሁ፣ ጫፉ ላይ ጥርስ ያለው መቆንጠጫ ጨመርኩበት። አሁን አንዱን አስይዤ ቁልፉን ብቻዬን ማዞር እችላለሁ። ቁጥሩን ቶሎ ቶሎ አያድስም፤ ቁልፍ ሲዞር የሚወርደውን ዝቅተኛ ቮልት ስለሚያልፈው ሦስት አራት ሴኮንድ ማስያዝ ያስፈልጋል። ጎበዝ መልቲሜትር ትንሹንና ትልቁን ቁጥር ይዞ ያስቀራል።

አንድ ጠዋት የቆመች መኪና ላይ 13.8 አነበበ። ሞተር ሳይነሳ፣ ቻርጅ ሳይደረግ 13.8 አይሆንም። ልጨነቅ ስል የስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሿን የባትሪ ምልክት አየኋት። የመልቲሜትሩ የራሱ 9 ቮልት ደክሟል። ስቀይረው 12.5 አለ። እንዲህ ያለ ርካሽ ዕቃ ባትሪው ሲደክም ቁጥር ያጋንናል፤ ምልክቷ ከመጣች አትመኑት።

በተለይ የምለምናችሁ፣ ቀዩን ገመድ 10 አምፔር የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ረስታችሁ ባትሪ አትንኩ። የኔ እዚያ ቦታ ፊውዝ የለውም። በመጀመሪያው ወር ረሳሁት፤ ጫፉ ባትሪው ላይ ተንጣጣና ቀለጠ፣ ዓይኔን ለጥቂት ተረፍኩ። ሞተሪኖ የሚስበውንም በዚህ ለመለካት አትሞክሩ፤ ለዚያ ገመዱን ከውጭ አቅፎ የሚለካ ሌላ ዓይነት አለ።

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ ጋሼ ፒካፓቸው አልነሳ ብሏቸው መጡ። ሞተሪኖ ሊያስቀይሩ ብር ቆጥረው ይዘዋል። «ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ይስጡኝ» አልኳቸው። በፖዘቲቩ በኩል 1.9 ቮልት ጠፍቶ አገኘሁት፤ የባትሪው ተርሚናል ላልቶ፣ ውስጡ ነጭ አመድ ይዟል። በሙቅ ውሃ አጥበን፣ ፍቀን አጠበቅነው። ብራቸውን ወደ ኪሳቸው መልሰው ቡና ሊያጠጡኝ ይዘውኝ ገቡ።