ለቆሮሶ መኖ የቱ ይሻላል፦ ነጭ ሽንኩርት፣ ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድ ወይስ የታሸገው?

ሐዋሳ ዙሪያ ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) ከሚያረባ ሰው ጋር ወሬ ከጀመራችሁ፣ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው መኖ ላይ ነው። አይገርምም። ከጠቅላላ ወጪው ከግማሽ በላይ የሚወስደው እሱ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም ያው ነው፦ «ቶሎ እንዲያድግልኝ፣ እንዳይታመምብኝ ምን ልቀላቅልበት?»

መልስ የሚሰጥ ሰው ሞልቷል። አንዱ ነጭ ሽንኩርት ይላል፣ ሌላው ሽፈራው፣ ሌላው ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣች የታሸገ የቅጠል ዘይት ጠርሙስ ያሳያል። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት አለው። ልዩነቱ ለማን፣ መቼ እና በስንት ብር የሚለው ላይ ነው።

ጉዳዩ ዝም ብሎ የሰፈር ወሬ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት አንቲባዮቲክን ለእድገት ማፋጠኛ ብሎ መኖ ውስጥ መጨመርን እ.ኤ.አ. ከ2006 መጀመሪያ ጀምሮ ከልክሏል። አንቲባዮቲክ የለመዱ ባክቴሪያዎች መድኃኒት እንቢ ማለት ስለጀመሩ ነው። የተመራማሪዎች ዓይን ወደ ቅጠልና ወደ ቅመም የዞረውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ቆሮሶም ብዙ ከተሞከረባቸው ዓሦች አንዱ ነው።

ግን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ልበል። ዓሣው አላድግ ያለው በሌላ ምክንያት ከሆነ ቅመም አያድነውም። ፉርሽካ ብቻ እየበላ ያለ ቆሮሶ የጎደለው ፕሮቲን ነው። ለማደለቢያ መኖ ከ28 እስከ 32 በመቶ ፕሮቲን ይፈለጋል፣ ለትንንሾቹ ደግሞ ወደ 40 ይጠጋል። ወንድና ሴት ተቀላቅለው ከሆነም ገና ጣት ሲያክሉ መራባት ይጀምሩና ኩሬው በጫጩት ይሞላል። ያን ጊዜ ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል። ብርዱም አለ። ቆሮሶ ደስ የሚለው 27 እስከ 30 ዲግሪ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሐዋሳ ኩሬ ውኃ ከዚያ በጣም ይወርዳል፤ ጠዋት የተበተነው መኖ ተንሳፍፎ ሲቀር ያየ ያውቀዋል። ሽሮው ሳይኖር ስለ ቅመሙ ማውራት እንዳይሆንብን።

ይህ ከተስተካከለ ወደ ንጽጽሩ እንግባ። ለሁሉም አንድ መለኪያ ልያዝ፦ 1,000 ዓሣ፣ እያንዳንዱ 100 ግራም። ይህ 100 ኪሎ ዓሣ ነው። በቀን የክብደቱን 3 በመቶ ቢበላ 3 ኪሎ መኖ፣ በወር 90 ኪሎ ይሆናል። አንድ ኩንታል ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው።

ነጭ ሽንኩርት

ቁም ነገሩ አሊሲን የሚባለው ነው፤ ያ የሚሸተን ነገር። ጎጂ ባክቴሪያን ይጫናል፣ የዓሣውን የመከላከል አቅም ያነቃቃል፣ ሽታውም ዓሣውን ወደ መኖው ይጠራዋል። ኤሮሞናስ በተባለው የኩሬ ባክቴሪያ ሆን ተብሎ በተለከፈ ቆሮሶ ላይ ሞክረው፣ ሽንኩርት የበላው በተሻለ መጠን በሕይወት መትረፉን ያሳዩ ጥናቶች አሉ።

መጠኑ በአንድ ኩንታል መኖ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ደረቅ ዱቄት ነው። ለኛ ኩሬ በዝቅተኛው ስናሰላ በወር 900 ግራም ዱቄት ነው። አንድ ኪሎ ዱቄት ለማግኘት ወደ 3 ኪሎ የተላጠ ሽንኩርት ስለሚያስፈልግ፣ በወር 3 ኪሎ ገደማ ትልጣላችሁ ማለት ነው። የገበያውን ዋጋ በዚህ አባዙት። ነጭ ሽንኩርት ሰማይ በሚነካበት ወቅት ይህ ሒሳብ ያስደነግጣል።

አሠራሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አሊሲን ሽንኩርቱ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አይደለም፣ ሲወቀጥ ወይም ሲከተፍ ነው የሚፈጠረው። ስለዚህ ወቅጣችሁ ወይም ከትፋችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ተዉት። ከዚያ በኋላ ደግሞ አሊሲን ሙቀት አይወድም። መኖ ከምትቀቅሉበት ድስት ውስጥ ከጨመራችሁት ሽታው ለጎረቤት ነው የሚተርፈው። ቀጭን አድርጎ ከትፎ ጥላ ላይ ማድረቅ፣ ፈጭቶ ማስቀመጥ፣ መኖው ከቀዘቀዘ በኋላ መቀላቀል ነው።

ገበያ ላይ የተፈጨ ከምትገዙ ራሳችሁ አስፈጩ። ዱቄት ሲቀላቀልበት ማን ያያል?

ሽፈራው

ይሄ ከሌሎቹ ይለያል። የደረቀ ቅጠሉ ከክብደቱ ሩብ በላይ ፕሮቲን ስላለው ግማሽ ቅመም፣ ግማሽ መኖ ነው። ደቡብ ውስጥ በየጓሮው ስላለ ዛፉ ያለው ሰው የሚያወጣው የጉልበት ብቻ ነው።

ችግሩ እዚሁ ላይ ነው። ነጻ ስለሆነ ሰው ያበዛዋል። ሽፈራው ሳፖኒን፣ ታኒንና ፋይቴት የሚባሉ ነገሮች አሉት፤ ሲበዙ ዓሣው መኖውን በደንብ እንዳይፈጨው ያደርጋሉ፣ ምሬትም ያመጣሉ። ቆሮሶ ላይ የተሠራ የታወቀ ሙከራ እንዳሳየው፣ ከመኖው ፕሮቲን እስከ 10 በመቶ ያህሉን በሽፈራው ቅጠል መተካት ይቻላል፤ ከዚያ ሲያልፍ እድገቱ ይቀንሳል። እንደ ቅመም ብቻ ከሆነ በኩንታል 1 ወይም 2 ኪሎ ደረቅ ቅጠል ይበቃል። ለኛ ኩሬ በከፍተኛው ቢሰላ በወር 1.8 ኪሎ ዱቄት ነው፣ ይህም 8 ወይም 9 ኪሎ እርጥብ ቅጠል ነው።

ፀሐይ ላይ አታስጡት። ጥላ ላይ ደርቆ አረንጓዴነቱን የያዘው ነው ጥሩው። ቡናማ የሆነ ቅጠል ስትገዙ ግማሹን ቫይታሚን ፀሐይ እንደበላው ቁጠሩ።

ጥቁር አዝሙድ

ስሙ ከባድ ነው፣ ለሰውም ለከብትም ለሁሉም ይባልለታል። ዓሣ ላይም የመከላከል አቅም በማነቃቃት በኩል ጥሩ ውጤት የታየባቸው ሙከራዎች አሉ። ዋናው ንጥረ ነገሩ ታይሞኪኖን ይባላል። መጠኑ በኩንታል ከ1 ኪሎ ይጀምራል።

እኔ ግን ለማደለቢያ ኩሬ አልመክረውም። ዋጋው ነው። ፍሬው ዘይት የበዛበት ስለሆነ ደግሞ ተፈጭቶ ሲቀመጥ ቶሎ ይበላሻል፤ የተበላሸ ዘይት ዓሣውን ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳዋል። የምትጠቀሙበት ከሆነ ገና ለመጡ ጫጩቶች ይሁን። እነሱ የሚበሉት ጥቂት ነው፣ ወጪውም አይሰማችሁም። ስትገዙ ጥቂት ፍሬ በጣታችሁ ጨፍልቁ። ጣት ላይ ቅባት ካልተወና አፍንጫ ካልሰነፈጠ የከረመ ነው።

ዝንጅብል በመሃል ያለ ነገር ነው። ከጥቁር አዝሙድ ይረክሳል፣ በኩንታል ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ ዱቄት ይበቃዋል። ሽንኩርት ሲወደድ እሱን መተካት ይቻላል። እሬትም በትንሹ ጥሩ ሆኖ ታይቷል፤ በኩንታል 4 ኪሎ ሲደርስ ግን ነገሩ ተገልብጦ ዓሣውን ጎድቷል። መጠን ለመመዘን ሚዛን የሌለው ሰው እሬትን ባይነካው ይሻላል።

የታሸገው

እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከጦስኝና ከኦሬጋኖ ዓይነት ቅጠሎች የተጨመቀ ዘይት ናቸው። ጥንካሬያቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ዛሬም ነገም ያው መጠን ያው ነገር ይሰጣል። ሽንኩርት ላይ ይህ የለም፣ እንደ መጣበት ቦታና እንደ አደራረቁ ይለያያል። በስብ ተሸፍነው የተዘጋጁት ደግሞ የመኖ ማሽን ሙቀትን የተሻለ ይችላሉ። የሚጨመሩትም በግራም ስለሆነ የሚላጥ፣ የሚወቀጥ የለም።

ሐዋሳ ውስጥ አንድ ሱቅ «ዓሣን በሁለት ወር የሚያደርስ» ተብሎ የተጻፈበት ጠርሙስ አይቻለሁ። ለየትኛው እንስሳ እንደሆነ አይልም፣ በኪሎ ስንት እንደሚጨመር አይልም። ሻጩን ስጠይቀው «ለዶሮም ለዓሣም ነው፣ ወንድሜ» አለኝ። እንዲህ ዓይነቱን ተዉት። ማሸጊያው ላይ ንጥረ ነገሩ፣ ለዓሣ መሆኑ፣ መጠኑና የሚያበቃበት ቀን መኖር አለበት። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ ቁጥጥር የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሥራ ነው፤ ምዝገባው አለ ወይ ብሎ ሻጩን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ታዲያ ማን ምን ይግዛ?

አንድ ወይም ሁለት ኩሬ ላለው ሰው ምርጫዬ ነጭ ሽንኩርት ነው፣ ያውም ዓመቱን ሙሉ አይደለም። ጫጩት ከመጣ በኋላ ያሉትን ሳምንታት፣ ዓሣው በመረብ ከተንገላታ በኋላ፣ ብርዱ ከመግባቱ በፊት። ዓሣ የሚታመመው ሲጨነቅ ነው፣ ገንዘቡም እዚያ ላይ ቢውል ይሻላል። መኖ ራሱ የሚያዘጋጅና ጓሮው ሽፈራው ያለው ሰው ሽፈራውን በልኩ ዘወትር ይጨምር። ብዙ ኩሬ ወይም የመረብ ጎጆ ኖሮት በሠራተኛ የሚያሠራ ሰው ሽንኩርት ሲያስልጥ ከሚውል የታሸገውን ይግዛ።

የተዘጋጀ ፔሌት (በማሽን ተጨምቆ እንክብል የሆነ መኖ) የምትገዙ ከሆነ ቅመሙ ላዩ ላይ ነው የሚለበጠው። ንጹሕ ሸራ ዘርጉ። ለአንድ ኩንታል 2 ሊትር ያህል የምግብ ዘይት ከዱቄቱ ጋር ጆግ ውስጥ በጥብጡ፣ እየረጫችሁ በእጅ አገላብጡት፣ ፔሌቱ ሁሉ አንድ መልክ እስኪይዝ። ጥላ ላይ ትንሽ ይረፍ። ከዚያ ጥቂቱን ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጣሉ። ውኃው ወዲያው ከደፈረሰ ዱቄቱ ተጣብቆ አልያዘም፣ ቅመሙን የሚበላው ኩሬው ነው።

ሠራ አልሠራ የሚለውን በዓይን አትፍረዱ። ኩሬው ውስጥ ሁለት የመረብ ከረጢት አስቀምጡ፣ በቁጥርም በመጠንም እኩል የሆነ ዓሣ አስገቡባቸው፣ ለአንዱ ብቻ ቅመም ስጡ። የበሉትን መዝግቡ፣ ከስምንት ሳምንት በኋላ መዝኑ። ለእያንዳንዱ ከረጢት የተበላውን መኖ በጨመረው ክብደት አካፍሉት። ቅመም ያልበላው 1.8፣ የበላው 1.6 ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ 100 ኪሎ የክብደት ጭማሪ 20 ኪሎ መኖ ተርፏችኋል። በሌላ በኩል በ160 ኪሎ መኖ ውስጥ በ1 በመቶ ሒሳብ 1.6 ኪሎ የሽንኩርት ዱቄት ገብቷል። የሁለቱን ዋጋ ጎን ለጎን ጻፉት። ዱቄቱ ከ20 ኪሎ መኖ ከበለጠ ሽንኩርቱን ለወጥ አውሉት።