የፈረሰኛ ውጅግራ፦ ለሰብሳቢ ግሩም፣ ተቆራጩ ግን ብዙ ነው

እኛ ውጅግራ የምንለው «ግራ» የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ የ1874 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ነው። የፈረሰኛው ዓይነት 1.17 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የ11 ሚሊ ሜትር ጥይት አንድ በአንድ ይጎርሳል። ችግሩ፣ የእግረኛውን አፈሙዝ ቆርጠው «የፈረሰኛ ነው» የሚሉ ሻጮች መኖራቸው ነው። የእውነተኛው መቀርቀሪያ እጀታ ወደ ታች የታጠፈ ነው (እጀታውንማ በእሳት አጥፎ ማታለል ቀላል ነው)፤ ስለዚህ አፈሙዙን ይዩ። የፈረሰኛው የሳንጃ መሰኪያ ስለሌለው፣ እዚያ ጋ የሞረድ ጭረት ካለ ይተዉት። «ኤም 80» የሚለው ማህተም እ.ኤ.አ. በ1880 የባሩድ ጋዝ ማስተንፈሻ ቦይ እንደወጣለት ይናገራል። የመቀርቀሪያውና የበርሜሉ ቁጥር ካልገጠመ ዋጋውን ያስወርዱ። ዝገቱን በአሸዋ ወረቀት አይፈትጉት፣ ማህተሙ አብሮ ይሄዳል፤ ቀጭን ዘይት የነካው ጨርቅ ይበቃል።