ኮፒው፣ ኦርጅናሉ ወይስ ፍጥነቱ የሚቀያየረው? ለአዳማ ገንዳ የሚሆን ፓምፕ

አዳማ ውስጥ ገስት ሃውስ የከፈተ ወዳጅ ሁሉ ሙቀቱ ሲበረታ ይደውላል። «የመዋኛ ገንዳው አረንጓዴ ሆነብኝ፣ የቱን ፓምፕ ልግዛ?» እኔ ወገንተኛ ነኝ፣ ከአሁኑ ልናገር። ፍጥነቱ የማይቀያየር፣ ዳይናሞው በመዳብ የተጠቀለለ ኦርጅናል የገንዳ ፓምፕ ግዙ።

ከዚያ በፊት ግን ሳንቲም የማያስወጣውን ሞክሩ። ውሃ የሚመልሱትን ኖዝሎች ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ትንሽ ወደ ታች አዙሯቸው። ውሃው ገንዳውን መዞር ይጀምራል። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ የሚይዘው ደረጃው ሥርና ማዕዘኑ ላይ፣ ክሎሪን ያለው ውሃ በደንብ በማይደርስበት ነው። እዚያ ብሩሽ ካላረፈ የትኛውም ፓምፕ አያድናችሁም።

አሁን ወደ ዋጋው። ኮፒው የኦርጅናሉን ግማሽ ያህል ይጠራል። ቀለሙ ያው፣ ስሙም ከአንድ ፊደል በቀር ያው ነው። ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። የሚጠቅልለው ባለሙያ ሽቦውን በምላጭ ፋቅ ሲያደርገው ነጩ ይወጣል። ቮልቴጅ ሲወርድ ዳይናሞው ይግላል፣ ይቃጠላል። «ሜካኒካል ሲል» የሚባለው፣ ውሃ ወደ ዳይናሞው እንዳያልፍ የሚዘጋው ማሸጊያም ማፍሰስ ይጀምርና ውሃው ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ጩኸቱን ጎረቤት ይሰማል። የማስጠቅለያውን፣ የሲሉን፣ የኩሽኔታውን፣ የእጅ ዋጋውን ደምሩት። ፓምፑ ቆሞ ገንዳው አረንጓዴ ሲሆን የሚፈሰውን ክሎሪንም ጨምሩበት። ርካሹ የት ሄደ? ሻጩ «ዋስትና አለው» ካላችሁ፣ መለዋወጫ ሲሉን አሁኑኑ አሳየን በሉት። ከሌለው ውጡ።

ታንከር የሚሞላውን የቤት ፓምፕ «ያው ነው» ብለው የሚሸጡም አሉ። ያው አይደለም። እሱ ውሃ ወደ ላይ ለመግፋት የተሠራ ነው፤ ገንዳ የሚፈልገው ብዛት ነው። 12 በ6 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ ገንዳ 108 ሜትር ኩብ ይይዛል። ውሃው ሁሉ በ8 ሰዓት ውስጥ አንዴ በፊልተሩ ዞሮ እንዲመለስ በሰዓት 13.5 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። የቤቱ ፓምፕ ቅጠልና ፀጉር የሚይዝ ወንፊትም የለውም።

ፍጥነቱ የሚቀያየረው በሒሳብ ያሸንፋል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚወስደው ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። 1.1 ኪሎዋት ፓምፕ በ8 ሰዓት 8.8 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ያንኑ ውሃ በግማሽ ፍጥነት በ16 ሰዓት ሲያዞር፣ በወረቀት ላይ፣ 2.2 ብቻ። ጥሩ ነው። ግን ያን ሁሉ ሰዓት የማይቋረጥ መብራት ማን አለው? መብራት ሄዶ ሲመጣ ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ሊመታ ይችላል። ዳይናሞ የሚጠቀልል አዳማ አይታጣም፤ ካርድ የሚጠግን ስፈልግ ግን ያገኘሁት መልስ «ሙሉውን ቀይረው» ነው። መግዣው ደግሞ ከኦርጅናሉም በብዙ ይወደዳል። ጄኔሬተርና ስታቢላይዘር ላለው ትልቅ ሆቴል ይሁንለት።

በተረፈው ብር የቮልቴጅ መከላከያ ግዙ። ፓምፑን ቀን ቀን አሠሩት፤ ክሎሪኑን ፀሐይ የምትበላው ያኔ ነው። የአሸዋ ፊልተሩ የግፊት ጌጅ፣ ፊልተሩ ንጹሕ ሳለ ከነበረበት በ0.5 ባር ሲጨምር ባክዋሽ አድርጉ፤ ማለትም ውሃውን በተቃራኒ አቅጣጫ አሳልፋችሁ አሸዋውን እጠቡ።